ለኤቢሱ የቀረበችው ማኬሬል

ቶሚኤ ከትል ጋር ስትጣላ ያረጀች ሴት ናት። ሥራዋ ነው። የወደቡ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር መጋዘን ውስጥ፣ ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ከአጥንቱ የተለየ የማኬሬል ዓሣ ሥጋ እያገላበጠች ታያለች። መብራቱ ከሥር ሲመታው ሥጋው ይሳሳል፤ ውስጡ የተደበቀችው ትል እንደ ነጭ ክር ተጠቅልላ ትታያለች። ቶሚኤ በወረንጦ ትለቅማታለች፣ የፈላ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ትጥላታለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ቶሚኤ ያየችውን ዓይንሽን ጨፍነሽ ብዪ» ይላሉ። ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ትምህርት ብዙ አልገፋችም፣ ሽልማትም ሹመትም አታውቅም፤ ዓይኗ ግን ዓይን ነው።

ታዲያ በዓመት አንዴ፣ ያ ዓይኗ እንዳያየው የሚከለከል አንድ ዓሣ ቤቷ ይገባል።

ብርዱ ሊገባ ሲል ማኬሬሎቹ ስብ ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ይመጣሉ። ከነሱ መጀመሪያ የተያዘችው፣ ከወደቡ አፍ ላይ በትንሿ የድንጋይ ቤቱ ውስጥ ዓሣ አቅፎ የሚስቀው የዓሣ አጥማጆች አምላክ፣ የኤቢሱ ናት። ለአምላክ የምትቀርብ ዓሣ ቢላ አይነካትም። ከነራሷ፣ ከነሆድ ዕቃዋ፣ ድፍኗን ትቀርባለች። የጀልባው ባለቤት ፊቱ ያስቀምጣታል፣ እጁን ያጨበጭባል፣ የሚለምነውን ይለምናል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይወስዳትና በገዛ እጁ ይቆርጣታል፤ አንዱን ጎኗን አቼቶ ውስጥ ነከር አድርጎ ጥሬውን ለብቻው ይበላል። ሌላው ጎኗ ለቤተሰቡ ተጠብሶ ይቀርባል። ሚስት አትነካትም። በባሏ አባት ጊዜም፣ በአያቱም ጊዜ እንዲሁ ነበር።

ቶሚኤ ይህን ሥርዓት ጠልታው አታውቅም። በሌላው ዓመት ባሏ ኢዋኦ ዓሣዋን አስቀምጦ፣ አጨብጭቦ፣ አንድ ሲጃራ አጢሶ ያነሳታል። በዚያች ቅጽበት ትል ወዴትም አይሄድም። ክፉው ነገር ዓሣ ሞታ፣ ሆድ ዕቃዋ ሳይወጣ፣ ሙቀት ሲያገኛት ነው። ያኔ ጉበቷ ላይ ተጠቅልላ የተኛችው ትል ትነቃና ወደ ሥጋዋ ትሰደዳለች። ይህን ቶሚኤ ከማንም አልተማረችውም፤ ከጠረጴዛው ላይ ነው ያየችው።

ዘንድሮ ግን ኢዋኦ ስልሳ አንድ ዓመት ሞላው። አባቱ የሞተው በስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በጨጓራው። በጸደይ ልደቱ ካለፈ ወዲህ ኢዋኦ ገበታ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ሆዱን ይዳስሳል። ማንም የማያየው ይመስለዋል።

«ምን ሆንክ?» ትለዋለች ቶሚኤ።

«ቀበቶዬ ጠብቆኝ ነው።»

«ቀበቶ መች አደረግክ?»

ያን ጊዜ ዜናውን ለመስማት የፈለገ ይመስል ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርገዋል። ሐኪም ዘንድ ሂድ ስትለው ግግም ይላል። አባቱ የሞተው ጨጓራውን የሚያይ ካሜራ በጉሮሮው ከገባ በኋላ ነበር፤ የገደለው በሽታው ይሁን ካሜራው ለኢዋኦ እስከ ዛሬ አልለየለትም።

የመጀመሪያዋ ማኬሬል የተያዘች ዕለት ጠዋት፣ ቶሚኤ ከመጋዘኑ በብስክሌት ስትመለስ በኤቢሱ በኩል አለፈች። ፀሐይዋ የወቅቱ አትመስልም፤ ልብስ ታስወልቃለች። ማኬሬሏ ሌሊት ተይዛ፣ ጎህ ሲቀድ ተቀምጣ፣ እስካሁን እዚያው ናት። የሚያብረቀርቅ ሆዷ ወደ ፀሐይ ዞሯል። አንድ ድመት ከድንጋዩ ሥር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

ከኢዋኦ ጋር በአንድ ጀልባ የሚሠራው ጌንጎ መረብ እየጠገነ ነበር። «ባልሽ ዛሬ ከኤቢሱ ጋር ወሬ አብዝቷል» አላት። «እስከ እኩለ ቀን እንዳትነሳ ብሎ እኔን ድመት ጠባቂ አድርጎኝ ሄደ።»

«እስከ እኩለ ቀን? በዚህ ፀሐይ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከባድ ነገር የለመነ ይመስለኛል።»

ቶሚኤ እጇን በላት። ዓሣዋን አንስታ፣ ሆዷን ከፍታ፣ በረዶ ውስጥ ብትከታት ደስታዋ ነበር። ግን ጌንጎ እያየ፣ ኤቢሱም እየሳቀ፣ እንዴት ብላ ትነካታለች? እያጉረመረመች ወደ ቤት ሄደች።

በምሳ ሰዓት ኢዋኦ ዓሣዋን ይዞ ገባና ቢላውን መሳል ጀመረ። መነጽሩን ቴሌቪዥኑ ላይ ትቶታል።

«አንተ ሰውዬ» አለች ቶሚኤ፣ «ያቺ ዓሣ ስትጋገር ነው የዋለችው። ዛሬ ጥብስ አድርገህ ብላት።»

«የአምላክ ዓሣ ሁለቱም ጎኗ አይጠበስም። የኔ ጎን ጥሬ ነው።»

«እሺ፣ ቢያንስ ቁራጩን አምጣና በመብራት ልያት።»

ጥጉ ጋ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡት አማቷ ኪኩኖ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው የሚፈልጉትን ብቻ ይሰማል። «ኤቢሱን ልትመረምሪው ነው?» አሉ። «ቀጥለሽ ደሞ አምላክን ጓንት አልብሺው።»

«እማማ፣ እኔ ኤቢሱን አላልኩም፤ ዓሣዋን ነው።»

«ባሌ ዕድሜውን ሙሉ በልቷታል።»

ቶሚኤ «ባልዎም ይኸው ሞቱ» ልትል ነበር፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ሲደርስ መልሳ ዋጠችው። በዚህ ቤት በዚህ ዓመት የማይባል ነገር ነው።

«ትል ካለም አቼቶው ይገድለዋል» አለ ኢዋኦ፣ እንደ ማስታረቅ።

«አቼቶ ትል ገደለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቆዳዋን ያወዛላት እንደሁ ነው እንጂ።»

ኢዋኦ ቆረጠ፣ ነከረ፣ በአኩሪ አተር መረቅ አጠቀሰ፣ በላ። ሳይቸኩል፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው ነበር የሚበላው። ቶሚኤ ይህን አይታ ለአማቷ ሻይ ልትቀዳ ተነሳች።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታሰጣ ከቤት ውስጥ ድምፅ ሰማች። ሮጣ ስትገባ ኢዋኦ ምንጣፉ ላይ እንደ ሽሪምፕ ታጥፎ ተኝቷል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«መጣ» አላት።

«ምኑ?»

«ያ ነገር። የአባቴ።»

አማቷ በሩን ይዘው ቆመዋል። አሁን አይቀልዱም። «አባቱም እንዲህ ነበር የጀመረው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ምሳ በልቶ፣ እዚሁ ቦታ።»

ቶሚኤ አጠገቡ ተንበረከከች። ግን በዚያው ቅጽበት ያቺ ማኬሬል፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ እንደተኛች፣ ሐሳቧ ላይ መጣችባት። ጉበቷ። ጉበቷ ላይ የተጠቀለሉት ክሮች። ትል ይሆን? ትል ከሆነማ ሰው አይሞትም። ዕድሜዋን ሙሉ ትል እንዳይገኝ ስትለፋ የኖረች ሴት፣ በዚያ ሰዓት ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ ኤቢሱ ይሁን ማን ይስማት ሳታውቅ፣ ትል ይሁንልኝ ብላ ለመነች። እባክህ ትል አድርግልኝ። አንዲት ትል።

«ትል ነው» አለችው። «ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ትል አይደለም። ከጸደይ ጀምሮ ሲሰማኝ ነበር። ያን ጊዜ ማኬሬል ነበር?»

እሷንም ያስፈራት ይኸው ነበር።

«ይሁን፣ ሄደን እናያለን።»

«አልሄድም። ካልታየ የለም።»

«አንተ ባትሄድ እኔ እሄዳለሁ፤ አንተን ጭኜ ነው የምሄደው።»

ጌንጎን ጮኻ ጠራችው። ጌንጎ እየሮጠ መጣ፤ ሁለቱ ሆነው ኢዋኦን በብብቱና በእግሩ ይዘው በዓሣ ማመላለሻዋ ፒካፕ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ኢዋኦ የጌንጎን እጅ ጨብጦ «ጀልባዋን አንተ ውሰዳት» አለው።

«አመሰግናለሁ» አለ ጌንጎ። «ሞተሯ ማስነጠስ ሲጀምር ነው የምትሰጠኝ አይደል? ስትመለስ አስጠግነህ ስጠኝ።» ፊቱ ግን አልሳቀም። ቶሚኤ መኪናዋን አስነሳች፤ ከኋላ ባዶ ሣጥኖቹ እየተንኳኩ ሄዱ። አማቷ በራፉ ላይ ቆመው በመስተዋቱ ውስጥ እያነሱ፣ እያነሱ ታዩአት።

መንገዱ ሁሉ ጠመዝማዛ ነው። በየመታጠፊያው ኢዋኦ ያቃስታል። ሕመሙ ይመጣል፣ ይጨመድደዋል፣ ለቀቅ ያደርገዋል፣ ደግሞ ይመጣል። ቶሚኤ በልቧ ትቆጥራለች፦ የአባቱ ሕመም ለቀቅ ያደርገው ነበር? አታስታውስም። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ የምታየው ሁሉ የአማቷን ፊት ነበር።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለው ሆስፒታል ዶክተር ኖሴ የምትባል ወጣት ሐኪም ተቀበለቻቸው። ሆዱን እየዳሰሰች «ዛሬ ምን በልተው ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ሩዝ» አለ ኢዋኦ።

«ከሩዝ ጋርስ?»

«ሾርባ።»

«ማኬሬል» አለች ቶሚኤ ከኋላ። «ጥሬ። ሆድ ዕቃዋ ሳይወጣ ፀሐይ ላይ የዋለች።»

ኢዋኦ በሕመሙ ላይ ተቆጣ። «የኤቢሱን ዓሣ ሰው ፊት ታሳጪዋለሽ? ደሞ አቼቶ ነክቷታል!»

«አቼቶው ለጣዕም ነው፤ ትሉን አይገድለውም» አለች ሐኪሟ ረጋ ብላ። «እሳት ወይ ብርቱ ብርድ ነው የሚገድለው። ትል ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ካሜራ አስገብቼ ካላየሁ አላውቅም።»

ካሜራ የሚለውን ቃል ሲሰማ ኢዋኦ ከአልጋው ሊወርድ እግሩን ዘረጋ። ቶሚኤ ደረቱ ላይ እጇን አሳርፋ መልሳ አስተኛችውና «አባቱ በጨጓራ ነው የሞቱት፣ ካሜራ ከገባላቸው በኋላ» አለቻት ለሐኪሟ። ሐኪሟ ይህን ሰምታ «መሣሪያውን ላዘጋጅ» ብላ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ መቼ ነው ሆድህን ከጠረጴዛ ሥር የምትዳስሰው?»

ኢዋኦ ዞሮ አያት። የምታውቅ አልመሰለውም ነበር። «ቶሚኤ» አለ እንደ ሕፃን በሳሳ ድምፅ፣ «ሌላ ነገር ቢታይስ?»

እሷም ይህንኑ ነበር ስትፈራ የመጣችው። ልዋሽ ብላ አሰበች፤ አልሆነላትም። «ቢታይ አብሬህ አየዋለሁ» አለችው። «ብቻህን አታየውም። ደሞ አንተ መነጽር ትረሳለህ፤ በኔ ዓይን ይሻላል።»

ዓይኑን ጨፈነና ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነበር።

ቶሚኤን ከአልጋው ራስጌ አስቆሟት። ክፍሉ ደብዘዝ አለ። ካሜራ ያለበት ቀጭን ጥቁር ገመድ በአፉ ገባ፤ ማያ ገጹ ላይ ሮዝ መልክ ያለው፣ እርጥብ፣ እንደ ማዕበል የሚታጠፍ ነገር መጣ። ይሄ ነው የባሌ ሆድ? ስንት ዓመት ሙሉ ሩዝ የቀለብኩት ይሄን ነው? ካሜራው ዞረ፣ ገባ፣ ተመለሰ። የሐኪሟ ዝምታ በቆየ ቁጥር የቶሚኤ ጥፍር የኢዋኦ መዳፍ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀላ ያለ ቦታ አለፈ። ካሜራው ሌላ እጥፋት ገለጥ አደረገ።

እዚያ፣ አንድ ያበጠ ቦታ ላይ፣ ነጭ ክር ቆማለች። ራሷን ሥጋው ውስጥ ቀብራ ጭራዋን ታወዛውዛለች።

«እሷ ናት!» ብላ ጮኸች ቶሚኤ። «እሷ ናት! ይቺን አውቃታለሁ! በየቀኑ ነው የምንገናኘው!»

«እባክዎ እናቴ፣ ዝም ይበሉ» አለች ነርሷ።

ከካሜራው አፍ ትንሽዬ መቆንጠጫ ብቅ አለች። አንዴ ሳተች። ቶሚኤ አልቻለችም፤ «በራሷ በኩል ያዢያት! መሀሏን ከያዝሻት ትበጠሳለች፣ ቀስ፣ ቀስ በይ፣ አዎ!» አለች። ሐኪሟን አንቺ ማለቷ ትዝ ያላት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ዶክተር ኖሴ ግን ከጭንብሏ ሥር ስትስቅ ዓይኗ ጠቦ ታየ። መቆንጠጫዋ ያዘች። ሳብ። ክሯ ተለጠጠች፣ እምቢ አለች፣ ከዚያ ተነቀለች።

ገመዱ አፉ ውስጥ እያለ የኢዋኦ ትከሻ ሲወርድ ቶሚኤ አየችው። የጨበጣት እጁ ቀስ ብሎ ላላ።

«ሌላስ?» አለች ቶሚኤ በሹክሹክታ። ስለ ትል አልነበረም የጠየቀችው።

ሐኪሟ ገባት። ካሜራውን መልሳ፣ ጥጉን ሁሉ እያበራች፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ እየገለጠች አሳየቻት። «ትሏ አንድ ናት። ሌላ ምንም የለም። እዚህ ትንሽ ቀላ ያለው የሚያስጨንቅ አይደለም፤ የሚያስቡ ሰው ናቸው መሰለኝ፤ ሐሳብ ጨጓራን ያስቆጣል። አባታቸው የሞቱበት ነገር እዚህ የለም።»

ቶሚኤ ወንበር ፈልጋ አጣችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከአፏ ወጣ። ነርሷ ውሃ አመጣችላት።

ገመዱ ሲወጣ ኢዋኦ በደነዘዘ ምላሱ «ምን አሉ?» አለ።

«ትል! ትል ብቻ! ንጹህ ነህ!»

ትሏን በትንሽ ብልቃጥ አድርገው አሳዩት። እስከ አፍንጫው አቅርቦ፣ ዓይኑን አጥብቦ አያት። «ይቺ? ይቺን የምታህል ናት ጀልባዬን ያሰጠችኝ?»

ሲመለሱ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ዝቅ ብላ ነበር። ኢዋኦ በየመታጠፊያው አላቃሰተም፤ ይልቅ ራበኝ አለ። ግማሽ መንገድ ላይ መስኮቱን አውርዶ ነፋሱን እየጠጣ «ቶሚኤ፣ ኤቢሱን ምን እንደለመንኩት ታውቂያለሽ?» አላት።

«ዕድሜ ነዋ።»

«አይደለም። ሆዴ ውስጥ ያለውን አሳውቀኝ ነበር ያልኩት። እኔ ሄጄ ለመታየት ወኔ የለኝም፤ አንተ የምታደርገውን አድርግና አሳውቀኝ አልኩት። ልመናው ከባድ ስለሆነ ነው ዓሣዋን ያቆየኋት።»

ቶሚኤ መኪናዋን ዳር አስያዘችና በሳቅ ፈረሰች። መሪው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እሱም ሰማህ» አለች፣ «በአንዲት ትል አስጎትቶ ወሰደህ!» ኢዋኦም ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ በዚህ ዓመት ሆዱን ለሌላ ነገር ሲይዝ ያየችው የመጀመሪያው ነበር።

በራፉ ላይ አማቷና ጌንጎ ቆመዋል። ከቤት ውስጥ ከኢዋኦ አባት ፎቶ ፊት የተለኮሰው ሻማ ይታያል። አሮጊቷ ዓይናቸው አብጧል።

«ትል ነው እማማ!» ብላ ጮኸች ቶሚኤ ሞተሩን ሳታጠፋ።

«ምን?»

«ትል! ሌላ ምንም የለበትም!»

ይህን ጆሯቸው ሰማ። ኪኩኖ የኢዋኦን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው «ትል ነው አሉኝ፣ ልጄ ትል ነው ያለበት!» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ለፈፉ፤ የልጅ ልጅ እንደተወለደለት ሰው። ጌንጎ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበትና «እንግዲህ ጀልባዬን ወሰድክብኝ» አለ።

«ሞተሩን ልትጠግነው ከሆነ ውሰዳት።»

«ይቅርብኝ።»

በሚቀጥለው ዓመት ማኬሬሎቹ ስብ ይዘው ሲመጡ፣ ቶሚኤ ጀልባዋ እስክትታሰር ወደቡ ላይ ቆማ ጠበቀች። በእጇ ሁለት የመብያ እንጨቶች ይዛለች።

«ሚስት አትነካትም» አሉ አማቷ፤ እሳቸውም በምርኩዝ መጥተዋል።

«ሚስት መርማሪ ናት፤ ሐኪሟ ናት ያለችኝ» አለች ቶሚኤ። ሐኪሟ እንዲህ አላለችም። «ደሞ ቢላ አልያዝኩም።»

ማኬሬሏን ከበረዶው አንስታ አፏን ከፈተች። አንዱን እንጨት በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጉንጯ በኩል አሳልፋ፣ መተንፈሻዋን ቆንጥጣ እስከ ሆዷ አወረደቻቸው። ጨብጣ አዞረች፣ ደግማ አዞረች፣ ሳበች። ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ከነጉበቱ በአፏ ወጣ። ዓሣዋን በባሕር ውሃ አጥባ ለአማቷ ሰጠቻቸው።

ኪኩኖ አገላበጡ። ሆዷን ዳሰሱ፣ ጉንጯን ገልጠው አዩ፣ ለፀሐይም አቀረቧት። ጭረት የለባትም። ድፍን ዓሣ ናት።

«ቢላ አልነካትም» አሉ በመጨረሻ፣ እየከበዳቸው።

«ኤቢሱም ሆድ አለው፤ ንጹሑን ይብላ» አለች ቶሚኤ። «ኢዋኦ ደግሞ ድርሻውን የማኅበሩ ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ይበላዋል። ጥሬውን። መነጽሩን አድርጎ።»

ኢዋኦ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አሳያትና ዓሣዋን ይዞ ወደ ድንጋዩ ቤት ሄደ። አጨበጨበ። ዘንድሮ ምን እንደለመነ ማንም አልጠየቀውም፤ ቶሎ ተመልሷልና ብዙም አልለመነም ማለት ነው።

ቶሚኤ የወጣውን ሆድ ዕቃ ወደ መጋዘኑ ወስዳ ጣሳው ላይ አንጠልጥላ አየችው። ጉበቱ ላይ አንዲት ትል ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ነጭ፣ ደህና የበላች። በወረንጦ አንስታ ወደ ብርሃኑ አቀረበቻት።

«ለአምናው አመሰግናለሁ» አለቻት፣ ማንም እንዳይሰማ ዝቅ ብላ።

ከዚያ የፈላው ውሃ ውስጥ ጣለቻት።